አረንጓዴዋ መስመር

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ላፕቶፑን ከፍቼ ማይኩን እንደገና ሞከርኩት። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አልኩ። መቅጃው ቀዳኝ። መልሼ ሳዳምጠው ድምፄ አለ፤ ቀጭን ይሁን እንጂ የኔው ድምፅ ነው። ታዲያ ወደ እሱ ስልከው የት ነው የሚቀረው?

ግማሽ ሰዓት ቀርቶኛል። አራት ሰዓት ላይ ይደውላል። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ከሠራተኞቹ ካምፕ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት የሚሄደው መኪና ይነሳል፤ የተፈረመ ውል ሁሉ በዚያ መኪና ይሄዳል። የእሱ ውል የአራት ዓመት ነው። ከፈረመ አሁን ካለበት በረሃ ወደ ባሰው በረሃ ይሻገራል። እኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ሲመለስ ሠላሳ ይሆነኛል፤ ያውም ከተመለሰ፣ ያውም እስከዚያ የኔ ብሎ ካሰበኝ።

ከሦስት ሳምንት በፊት «አንዲት ቃል ብቻ በይኝ» ብሎኝ ነበር። «ና ካልሽኝ አልፈርምም። መጥቼ አባትሽ ፊት እቆማለሁ። ዝም ካልሽኝ ግን እፈርማለሁ።»

ያኔውኑ መለስኩለት። «ና» አልኩት። አልሰማኝም። በቀጣዩ ቅዳሜም አልኩት፤ ከዚያ በኋላ ባለውም። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ አንዲት ቃል ከአፌ ወጥታ ጆሮው ሳትደርስ ቀረች።

እኛ ቤት ስሙ አይጠራም፤ «ያ ቆፋሪ» ነው የሚባለው። እኔም የንቀቱን ስም ወስጄ ቆፋሪዬ እለዋለሁ። የውሃ ጉድጓድ በሚቆፍር ማሽን ላይ ይሠራል። የተዋወቅነው እኔ አራሚ በሆንኩበት ማተሚያ ቤት ግቢ ውስጥ ጉድጓድ ሊያወጡ የመጡ ጊዜ ነው። ማሽኑ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ጮኸ። ሰው ሁሉ ራሱን ይዞ ሲያማርር እኔ ግን ተመችቶኝ ነበር፤ በዚያ ጩኸት ውስጥ ማንም እንድናገር አይጠብቅብኝም። በአሥረኛው ቀን ማሽኑ ቆመ። እሱ የእጁን ጭቃ እየጠረገ መጥቶ «እናንተ ቤት ውሃ የሚጠጣ ሰው አለ ወይስ ቀለም ነው የምትጠጡት?» አለኝ። አንድ ነገር መለስኩለት። አልሰማም። ጎንበስ ብሎ ጆሮውን አቀረበልኝ። እንዲያ አድርጎ ያዳመጠኝ ሰው አልነበረም።

አባቴ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። የእሱ አባት ደግሞ በዚያው ፍርድ ቤት በር ላይ ሃያ ዓመት የቆሙ ዘበኛ ናቸው። አባቴ ክፉ ሰው አይደሉም። ነገሩን የሰሙ ዕለት አልተቆጡም። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «በር ይከፍቱልኝ የነበሩትን ሰው አከብራቸዋለሁ። ልጄን ግን ለልጃቸው አልሰጥም» አሉ። በቃ። ሁለተኛ አልተነሳም።

እኛ ቤት ነገር የሚያልቀው በሹክሹክታ ነው። እናቴ ከመሞቷ በፊት ሦስት ዓመት በሕመም ተኝታለች። ራሷን ነበር የሚያማት፤ የማንኪያ ድምፅ እንኳ ያስለቅሳት ነበር። ያኔ በር ሳይሰማ መዝጋት፣ በእግር ጣት መራመድ፣ በትንፋሽ መናገር ለመድን። እሷ ካለፈች አምስት ዓመት ሆነ፤ ልማዱን የተወ ግን የለም። ድምፅ ከፍ ማድረግ እሷን እንደ መርሳት ሆኖ ይታየናል መሰለኝ። አባቴ፣ ታላቅ እህቴና እኔ እንዲሁ እየተንሾካሾክን እንኖራለን።

«ለምን አትጽፊለትም?» ትሉኝ ይሆናል። ስጽፍለት ነበር። ረጅም ረጅም ደብዳቤ። አምና አንድ ቀን ስልኬን ክፍሌ ትቼ ገላዬን ስታጠብ እህቴ በኔ ስም ጻፈችለት፦ «ከእንግዲህ አትፈልገኝ። የአባቴን ፊት ማጥቆር አልችልም።» ነጠላ ሰረዙ እንኳ የኔ ይመስላል። አርባ ቀን አመናት። እውነቱን ሲያውቅ ተማማልን፤ ቁም ነገር ከእንግዲህ በድምፅ ብቻ። መሐላውን ያቀረብኩት እኔው ነበርኩ። ስልኬንም መደወል ብቻ በምትችል ትንሽ ስልክ ለወጥኩ። እሱ ያለበት ካምፕ ደግሞ የስልክ መስመር የለም፤ ያለው በአለቃው ቢሮ የተቀመጠ አንድ ኮምፒውተር ነው፤ ለአንድ ሰው በሳምንት ሃያ ደቂቃ።

ዓመት ሙሉ በዚያ ሃያ ደቂቃ ኖርን። ከሦስት ሳምንት በፊት ግን እህቴ ወንበሯን ከክፍሌ ግድግዳ ጋር አስጠግታ እንደምትቀመጥ ደረስኩባት። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ሲመጣ በሬን እቆልፋለሁ፤ መስኮቱን እዘጋለሁ፤ ማራገቢያውንም እስከ መጨረሻው ከፍቼ ከጎኔ አስቀምጠዋለሁ። ሲጮህ ንግግሬን ይሸፍንልኛል። ለሚጠይቀኝ ደግሞ ሙቀቱ ሰበብ ነው።

ማይኩ እምቢ ባለ ማግስት ላፕቶፑን አቅፌ ዶክተር ብሎን ዘንድ ሄድኩ። ዶክተር ያሰኘው የሰፈሩ ሰው ነው፤ ብሎን ያልፈታበት ዕቃ ስለሌለ።

«የኔ እህት» አለኝ ማሽኑን ከፍቶ ካየ በኋላ፣ «ይሄ ማይክ ጤነኛ ነው። ከኔም ካንቺም ይሻላል።» ጎንበስ ብሎም «ሃሎ! ሃሎ! ቤቶች!» ሲል ከሱቁ ፊት ለፊት ጫማ የሚሰፋው ሰውዬ ዞሮ «አቤት!» አለው።

«በጥሪ ጊዜ ነው የማይሠራው» አልኩት።

«ምን አልሽ?»

«በጥሪ ጊዜ ነው…»

«ኧረ ከፍ አድርጊው! ምሥጢር ነው እንዴ?»

ሰዉ ሳቀ። ዶክተር ግን ሥራውን አላቃለለውም። ፕሮግራሙ ማይኩን እንዲጠቀም መፈቀዱን አየ፤ አጥፍቶ አስነሳው፤ የድምፁን ሶፍትዌር ነቅሎ እንደ አዲስ ጫነው። በጥሪው ፕሮግራም ውስጥ ያሉትን ምርጫዎች አንድ በአንድ ሲያሳየኝም «ይቺ ደግሞ ጫጫታ ታጠፋልሻለች፤ የመኪናውን፣ የምናምኑን። ጥሩ ነገር ናት፣ አትንኪያት» አለኝ። ለማንኛውም ብሎ የጆሮ ማዳመጫ ከነማይኩ አዋሰኝ። በሩ ላይ ስደርስ ጠራኝ።

«ለምን እዚሁ ሆነሽ አትደውዪለትም? ቅዳሜ ነይ፣ ወንበር እለቅልሻለሁ።»

ሱቁ ውስጥ ስድስት ሰው ተራ ይጠብቃል። በስድስት ሰው ፊት «ና» ማለት። «አይ፣ ይቅር» አልኩ። ያቺ «ይቅር» እስከ ዛሬ ታቃጥለኛለች።

ማዳመጫውም አልሠራም። ባለፈው ቅዳሜ በጥሪው መጻፊያ ሳጥን ውስጥ «ማይኩን አስመረመርኩት፣ ጤነኛ ነው ተባልኩ» ብዬ ጻፍኩለት። እውነት ስለሆነ ነው የጻፍኩት። እሱ ግን ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ማይኩ ጤነኛ ከሆነ» አለኝ፣ «የታመመው ምንድን ነው ታዲያ?»

ወረቀት አንስቼ «ና» ብዬ ጽፌ ለካሜራው ላሳየው ስል ፊቱን አዞረ። «ወረቀት አታሳዪኝ። ወረቀት አንዴ ገድሎኛል። ከካሜራው ጀርባ ማን ቆሞ እንደሚያስጽፍሽ በምን አውቃለሁ? የሚመጣው ቅዳሜ የመጨረሻው ነው። ድምፅሽን ካልሰማሁ መልስሽን እንደሰማሁ እቆጥረዋለሁ።»

ሳምንቱን እንዴት እንዳሳለፍኩት አላውቅም። አንድ ሙሉ መጽሐፍ አርሜ የመጽሐፉን ርዕስ ረሳሁት።

አራት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው እህቴ በሩን በጥፍሯ ቆረቆረች። ትንሽ ገርበብ አድርጌ ከፈትኩላት።

«ጸጉርሽን ያበጠርሽው ለቆፋሪው ነው?» አለች በትንፋሽ።

«እባክሽ ዛሬ ተዪኝ።»

«አባዬ ሳሎን ናቸው።» ከዚያ ዓይኗ ዓይኔን ሸሽቶ መሬት ላይ ወደቀ። «እኔም አንድ ጊዜ ለአንድ ሰው ሳልመልስለት ቀርቻለሁ። ይኸው አልሞትኩም።»

ልታጽናናኝ ነበር። ግን ሠላሳ አምስት ዓመት የሞላት እህቴ እንዲያ ስትል ፊቷን አየሁትና ከማናቸውም ማስፈራሪያ ይበልጥ ፈራሁ። ቆለፍኩ። መስኮቱን ዘጋሁ። ማራገቢያውን ከፈትኩ።

መጣ። ምስሉ እየተቆራረጠ ነው የሚደርሰኝ፤ መጀመሪያ ትከሻው፣ ከዚያ ግማሽ ፊቱ። ጺሙን ተላጭቷል። ክንዱ ሥር ነጭ ወረቀት አለ።

«ትሰሚኛለሽ? እጅሽን አንሺ።»

አነሳሁ።

«እሺ። ንገሪኝ።» ዓይኑን ጨፍኖ ጆሮውን ወደ ኮምፒውተሩ አዘነበለ።

«ና» አልኩት። «አትፈርም። ና።»

በጥሪው መስኮት ጥግ ከማይኩ ሥዕል አጠገብ ድምፅ ሲገባ የምትነሳ ትንሽ አረንጓዴ መስመር አለች። አልተነሳችም። እንደ ክር ተኝታለች። ማዳመጫውን ነቀልኩ፣ ሰካሁ። ማይኩን ዘግቼ ከፈትኩ። ከጥሪው ወጥቼ ተመለስኩ። ሌላ ማይክ እንዳለ ፈልጌ መረጥኩ፤ መልሼ የድሮውን መረጥኩ። አፌን ከማሽኑ ጋር አጣብቄ ለመንኩት። መስመሯ ተኝታለች። እሱ አሁንም ዓይኑን ጨፍኖ ይጠብቃል፤ የዐይኑ ሽፋን ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል።

«ምንም የለም» አለ። «አሁንም ምንም የለም። ታውቂያለሽ፣ ዛሬ ማልጄ ነው የተነሳሁት። እዚህ ያሉት ልጆች ‹ሙሽራ› እያሉ ሲስቁብኝ ነበር። እኔም ስቄያለሁ። ና ትላለች ብዬ ነበር።»

እንባዬ መጣ። ምስሉ ስለሚቆራረጥ እንባዬን ማየቱን አላውቅም።

በዚህ መሃል አረንጓዴዋ መስመር ብድግ አለች። እሱም ዓይኑን ገለጠ። እኔ ምንም አልተናገርኩም። ቀና ስል በሬ እየተንኳኳ ነው።

«ልጄ!» አባቴ ናቸው። በማራገቢያው ጩኸት ምክንያት መጀመሪያ ሲጠሩኝ ስላልሰማሁ ይሆናል፣ ከስንት ዓመት በኋላ ድምፃቸውን ከፍ አድርገዋል። «ልጄ! የመድኃኒት ማዘዣዬን የት አደረግሽው?»

መስመሯ እስከ ጫፍ ደርሳ ወደቀች።

«አባትሽ ናቸው» አለ እሱ። ፊቱ ላይ የነበረው ነገር ሁሉ ሲጠፋ አየሁ። «የመድኃኒት ማዘዣ ነው ያሉት። ቃል በቃል ሰማኋቸው።»

ራሴን ነቀነቅሁ። እጄን አወራጨሁ።

«በተዘጋ በር ውስጥ አልፎ የእሳቸው ድምፅ እኔ ጋ ደረሰ። አንቺ ማይኩ ፊት ተቀምጠሽ…» ተነፈሰ። «እንግዲህ ማይኩ ይሠራል።»

«አይደለም፣ አይደለም…»

«አትጨነቂ። አልተቀየምኩሽም። እምቢ ማለት ከብዶሽ ነው። ቀድሞ ሊገባኝ ይገባ ነበር። ደህና ሁኚ፣ አራሚዬ።»

መስኮቱ ጠቆረ። ጥሪው ተቋርጧል የሚል ጽሑፍ ብቻ ቀረ። ማራገቢያው ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ይዞራል።

ለምን ያን ጊዜ እንደገባኝ አላውቅም። አባቴ ጮክ ብለው ተናገሩ፣ ደረሰ። ዶክተር ብሎን ጮክ ብሎ ተናገረ፣ ሠራ። እኔ ከማራገቢያው ሥር ሆኜ እንሾካሸካለሁ። ጫጫታ የምታጠፋዋ ምርጫ የሚያጉረመርመውንና ዝቅ ያለውን ሁሉ አንድ ላይ ጠርጋ ታወጣለች። ለእሷ እኔና ማራገቢያው አንድ ነን። ቤቴ እንዳይሰማኝ ብዬ ያደረግሁት ነገር ነው ከእሱ የሰወረኝ።

የማራገቢያውን ገመድ ከግድግዳው መነጨቅሁ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ፣ ተዘጋ። እንደገና ደወልኩ። ተዘጋ። በሦስተኛው አንድ የማላውቀው ወፍራም ፊት መስኮቱን ሞላው። አለቃው መሆን አለባቸው።

«ማን ልበል?»

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የጮኽኩት ያን ቀን ነው። «ጥሩልኝ! አሁን የወጣውን ጥሩልኝ! እንዳይፈርም!»

«ማ? ቆፋሪው?» አሉ፤ እሳቸውም እዚያ ሆነው እንዲያው ነው የሚሉት። «እሱማ ፈርሞ ወጣ እኮ። ምን ልበለው?»

«ና በሉት! እሷ ና ትልሃለች በሉት! ትሰሙኛላችሁ?»

«ኧረ በደንብ! ማሽን ላይ ብንቀጥርሽ ይሻል ነበር!» ብለው ወደ መስኮታቸው ዞሩና በዚያ ወፍራም ድምፃቸው «አንተ! ና ትልሃለች! ልጅቷ ና ትልሃለች!» ብለው ለቀቁት። ከውጭ አንድ ሌላ ሰው ተቀበላቸው፣ ከዚያ ሌላ፤ «ና ትልሃለች» እየተባለ ሲርቅ ሰማሁ። ለአንድ ጆሮ እንኳ ያልደፈርኳት ቃል በካምፑ ሙሉ ዞረች።

በሩ ይንኳኳል። ተነስቼ ከፈትኩት። አባቴ ቆመዋል፤ ከኋላቸው እህቴ፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ።

«ምንድን ነው?» አሉ አባቴ በትንፋሽ። «ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። እሱን ና እያልኩት ነው።»

«ልጄ፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ።»

«አልችልም አባዬ። ዝቅ ብዬ ስናገር አይሰማም።»

ከዳኝነት ወንበራቸው ላይ ሆነው ስንቱን እንዲህ ትኩር ብለው እንዳዩት አላውቅም፤ እኔን ግን እንዲያ አይተውኝ አያውቁም። እኔ ጀርባዬን ሰጥቻቸው ወደ ማሽኑ ሮጥኩ፤ ጀርባዬን ሰጥቻቸው አላውቅም ነበር።

እየሮጠ ነው የገባው። ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል ብቻ ነው መጀመሪያ የሚታየኝ። «ማን ነው ያለው? ይቀልዱብኛል?»

«እኔ ነኝ» አልኩ። «እኔ ነኝ ያልኩት። ና!»

ምስሉ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ የተቋረጠ መሰለኝ። ከዚያ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

«ይሄ… ያንቺ ድምፅ ነው?»

«የኔ ነው።»

«አባትሽስ?»

«እዚህ ቆመዋል። ይሰማሉ። አራት ቅዳሜ ሙሉ ነው ና ያልኩህ፤ እንዳይሰሙኝ ብዬ ዝቅ አደረግሁት እንጂ። አሁን እየሰሙ ነው የምልህ። ና!»

ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። «ውሉን ለሾፌሩ ሰጥቼዋለሁ» አለ በጣቶቹ መሃል።

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ። አራት ከሃያ ስምንት።

«መኪናው ሄዷል?»

«ሞተሩን እያሞቀ ነው።»

«ታዲያ ምን ትሠራለህ እዚህ? ሄደህ ተቀበለው!»

ወንበሩ ሲወድቅ ተሰማኝ። ከዚያ ባዶው ቢሮ ብቻ ቀረ፤ የወደቀ ወንበር፣ ክፍት በር፣ ከበሩ ባሻገር ዓይን የሚያጠፋ ብርሃን። ከሩቅ ሰዎች ይጮኻሉ። ምን እንደሚሉ አይለይም።

አባቴ ወደ ክፍሌ ገቡ። ይዘጉታል ብዬ ጠበቅሁ፤ ማሽኑን ወይም እኔን። አጠገቤ መጥተው ቆሙና መነጽራቸውን አስተካክለው ያንን ባዶ ክፍል አዩት።

«የት ሄደ?» አሉ። የተናገሩት በትንፋሽ አልነበረም።

«ውሉን ሊያስመልስ።»

«ይደርስበታል?»

«እንጃ አባዬ።»

አልፈቀዱም፤ አልከለከሉምም። ተቀመጡ ብዬ ወንበሬን ለቀቅኩላቸው፤ አልተቀመጡም። እህቴ የበሩ ደፍ ላይ ሆና ታለቅሳለች፤ ስታለቅስም ይሰማል። ፍርሃቴን ፈለግሁት፤ የትም አልሄደም፣ እዚያው አጠገቤ አለ። ግን እሱም እንደ አባቴ ቆሞ፣ ዓይኑን ከዚያ ክፍት በር ላይ ሳይነቅል፣ የሚመጣውን ከኔ ጋር ይጠብቅ ነበር።